የኪንግስተን ሕዝብና የእቴቴ ቤት

እኛ ሐበሾች ሰው መቁጠር አንችልም። አትቆጡ፣ ጨርሼ ልናገር። በግ እንቆጥራለን። ወንበር እንቆጥራለን። የጎረቤት ልጅ ስንት ዓመት እንደሞላትና ሳታገባ ስንት ዓመት እንደቆየች ከወለደቻት እናቷ በላይ እንቆጥራለን። አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው ሲሆን ግን… የለም፣ አይሆንልንም። ካላመናችሁኝ እዚያው የተቀመጣችሁበት ራሳችሁን ጠይቁ። ቤታችሁ ስንት ሰው ይኖራል? አራት አላችሁ አይደል? ምድር ቤት ያለው ልጅስ? «እሱማ እንግዳ ነው!» መቼ ነው የመጣው? «አምና ለገና…» እህ! በሉ ዝም ብላችሁ አንብቡ።

እኔም እዚህ እውነት ላይ የደረስኩት በራሴ ጥበብ አይደለም። በጃማይካ በኩል ዞሬ ነው።

ማታ ማታ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ ጂኦግራፊ እማራለሁ። ዓለምን ለማወቅ ጓጉታ ነው ብላችሁ እንዳታደንቁኝ፤ ከሥራ ሰዓቴ ጋር ያልተጋጨ ትምህርት እሱ ብቻ ነበር። ሻሸመኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ «ከእንግዲህ ካርታ የሚባል ነገር ዓይኔ አያይም» ብዬ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቀን መምህራችን ኮፍያ ይዛ ገባችና የካሪቢያንን አገሮች ዕጣ አስወጣችን። በደረሰን አገር የከተማው ሕዝብ እንዴት እንዳደገ አጥንተን ክፍሉ ፊት ቆመን ልናስረዳ ነው። እጄን ሰደድኩ… ጃማይካ!

ደስታዬን አልቻልኩትም። እኔ እኮ የሻሸመኔ ልጅ ነኝ! ሌላው ሰው ጃማይካን የሚያውቃት በካርታ ነው፤ እኔ በባጃጅ ነው። «ጃማይካ ሰፈር ወራጅ አለ!» ብዬ ስንቴ ወርጃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስሟን ሰምቶት የማያውቃት ደሴት ደርሳው ሲተክዝ፣ እኔ ጥናቱን በልቤ ጨርሼ ምሳዬን እያሰብኩ ነበር።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ስከፍት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዱ ሰንጠረዥ ኪንግስተን ትንሽዬ ናት ይላል። ሌላው የአገሩን ሕዝብ ሰብስባ የያዘች ግዙፍ ከተማ ናት ይላል። ሦስተኛው ከጎረቤቷ ጋር አጋብቷት በሁለት ስም ይጠራታል። ቁጥሮቹን እዚህ አልጽፍላችሁም፤ ብጽፋቸው እዚሁ ገጽ ላይ ይደባደባሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማነበው የት ሆኜ መሰላችሁ? እቴቴ ቤት።

እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ አስቴር ትባላለች። ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ውሉ ላይ የሰፈርነው አራት ነን፦ እቴቴ፣ ባሏ፣ የአሥር ዓመት ልጇ ኤልሲ እና እኔ። ባሏ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ነው። ስለዚህ በሕግ ተመዝግቦ ቤቱ ውስጥ የማይኖር ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ሳይመዘገቡ የሚኖሩት ደግሞ…

ወንድም ደሳለኝ ከዳላስ የመጣው ለሦስት ቀን የጸሎት ጉባኤ ነው። ጉባኤው አለቀ፤ ወንድም ደሳለኝ አላለቀም። ጋራዥ ውስጥ ፍራሽ አለው። ሰለሞንና ማህሌት ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። «እቀበላችኋለሁ» ያላቸው ዘመድ በመጡበት ቀን ስልኩን ዘጋ። እቴቴ ሌላ ሰው ልትሸኝ ኤርፖርት ሄዳ፣ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ስታያቸው እንደ ጠፋ ዕቃ ሰብስባ ይዛቸው መጣች። ምድር ቤት ናቸው። ጋሽ በቀለ ደግሞ ሥራቸውም ቤታቸውም ኤቨረት የሚባል ራቅ ያለ ከተማ ነው፤ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ይመጡና መንገዱ ከተጨናነቀ ብቻ እኛ ጋ ያድራሉ። የኤቨረት መንገድ ያልተጨናነቀበትን ቀን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

እቴቴን «ለመሆኑ ስንት ነን?» ብትሏት ትቆጣለች። «ሰው አይቆጠርም! የተቆጠረ ይጎድላል» ትላለች። እስካሁን ሳንቆጠር ኖረናል፤ እውነትም አልጎደልንም። ስለ ጥበቱ ካነሳሁባት ደግሞ «ከተፋቀሩ የዝንጀሮ ቆዳ ለዘጠኝ ይበቃል» ብላ ትተርትብኛለች። የዝንጀሮ ቆዳ መታጠቢያ ቤት የለውም። የእኔ ጥያቄ እሱ ነው።

የቤቱ ባለቤት ሚስተር ዌንደል ይባላል። ጡረታ የወጣ የባስ ሹፌር ነው፤ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ሌላ ከተማ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ጃማይካዊ ነው። አዎ! ከላይ የነገርኳችሁን አገር። ቁጥብ ሰው ነው፤ ቤቱን ሲያከራየን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አራት ሰው። ከአራት ካለፈ ውሉን አላድስም።» ውሉ የሚያልቀው ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ነበር። እቴቴ ሰውየው በበራችን እንዳያልፍ ስትጾም ስትጸልይ ከረመች።

እኔ ኮል አደረግኩለት።

ምን ላድርግ? ከኪንግስተን የመጣ ሰው ስልኩ እጄ ላይ እያለ ከሰንጠረዥ ጋር ለምን ልጣላ! «ሚስተር ዌንደል፣ ስለ ኪንግስተን የሕዝብ ብዛት አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ላየው ስል «ስለ ኪንግስተን በስልክ አይወራም። እሑድ እመጣለሁ» አለኝና ዘጋው።

ወደ ኩሽና ወረድኩ።

«እቴቴ፣ እሑድ ሚስተር ዌንደል ይመጣል።»

«ማን ጠርቶት?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ስለ ሕዝብ ብዛት ሊያስረዳኝ።»

የያዘችውን ጭልፋ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ስለ ምን?»

«ስለ ሕዝብ ብዛት።»

«የማን ሕዝብ?»

«የጃማይካ።»

«አንቺ ቀዥቃዣ! በዚህ ዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው ጃማይካዊው? ስንት ጃማይካዊ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ስንት እንደሆነማ ነው የማጠናው።»

ጭልፋውን መልሳ አነሳችው። ሁለት እርምጃ ወደኋላ አልኩ።

«ሜሮን፣ ስሚኝ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ውሉን ካላደሰ የት ነው የምንገባው? የኤልሲ ትምህርት ቤት እዚህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እዚህ። እነዚያ ሁለት ምስኪኖች ባስ መያዝ እንኳ ገና አልለመዱም። እኔ ዘመድ ቤት ልግባ ብል፣ ዘመዶቼ በሙሉ እኔ ቤት ናቸው!»

ይሄኛውን በቁጥር ማስተባበል አልቻልኩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቴቴ ሕዝቡን ሳሎን ሰበሰበችና መመሪያ ሰጠች። «ሶ፣ እኔ እስክጠራችሁ ድረስ ማንም ከገባበት አይወጣም። ሳል ያለበት አሁን ይሳል።»

ጋሽ በቀለ ትንሽ ሳሉ።

ወንድም ደሳለኝ እጁን አወጣ። «እህት አስቴር፣ ይሄ ነገር ውሸት አይሆንብንም?»

«ማን ተናገረና ይዋሻል? ዝም ነው የምንለው።»

«ጋራዡም በጣም ይበርዳል።»

«ጸልይበት፣ ይሞቅሃል።»

«እኔስ የት ልሁን?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«እርስዎ ኤልሲ ክፍል ይግቡልኝ ጋሽዬ።»

«አስቴር፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው ተደብቄ አላውቅም።»

«ዛሬ ይልመዱታ።»

በኤቨረቱ አውሮፕላን ፋብሪካ ስንት ሰው የሚያዙት ጋሽ በቀለ፣ ባርኔጣቸውን ይዘው በአሻንጉሊቶች መሀል ሊቀመጡ ሄዱ። ሰለሞንና ማህሌት ምድር ቤት ወረዱ፤ ቤቱ ጭር አለ። እንዲህ ጭር ብሎ ስላላየሁት ሰው የሞተብን መሰለኝ።

ሚስተር ዌንደል በሰዓቱ መጣ። ረጅም ነው፤ ባርኔጣ አድርጓል፤ አንድ ጠርሙስ የዝንጅብል መጠጥ ይዟል። በሩን ከፈትኩለት። ገባና ቆመ። ወደ ወለሉ አየ። እኔም አየሁ።

ሰዎቹን ደብቀናል። ጫማቸውን አልደበቅንም።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ ጫማ?» አለ።

ለእቴቴ ተረጎምኩላት። ዓይኗን እንኳ አላሸችም። «ባለቤቴ ጫማ ይወዳል በዪው።»

አልኩት። ሚስተር ዌንደል አጎንብሶ የማህሌትን ቀይ ባለ ተረከዝ ጫማ አነሳና አገላበጠው። «ይሄንንም?»

«የስ» አለች እቴቴ። ትራክ ነጂው አጎቴ የሆነ በረሃ ላይ መሪ እንደያዘ፣ ሳያውቀው ቀይ ተረከዝ ተጫማ።

ሳሎን ተቀመጥን። ሚስተር ዌንደል ከኤልሲ ጋር ሊጫወት ፈልጎ «እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«ዩ ሚን ቱዴይ?» አለችው።

እቴቴ ሽንኩርት እንድታመጣ ወደ ኩሽና ላከቻት። ሽንኩርቱ እስካሁን አልመጣም።

ቶሎ ብዬ ደብተሬን ከፈትኩ። «እሺ፣ ሚስተር ዌንደል፣ ኪንግስተን ስንት ሕዝብ አላት?»

«የሚጠይቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺማ ተማሪ ነሽ። ግብር የሚሰበስብ ሰው ከጠየቀ ጥቂት ነን። ውሃ የሚዘረጋ ሰው ከጠየቀ ብዙ ነን።»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ባለው ዕቃ ከተማውን ሠራልኝ። ኪንግስተን ተብላ የምትጠራው መሬት ጠባብ ናት፤ ይቺ የስኳር ዕቃ። ሴንት አንድሩ አጠገቧ ነው፤ የት ላይ እንደተሻገርሽ ሳታውቂ ትገቢበታለሽ፤ ይሄ ትሪ። ሁለቱን ደምሮ የቆጠረ ትልቅ ከተማ ያገኛል፤ ለይቶ የቆጠረ ትንሽ። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ፖርትሞር አለች። ኪንግስተን ስትጠብበት ሰዉ ፖርትሞር ሄዶ ቤት ሠራ፤ ሌሊት እዚያ ያድራል፣ ቀን ኪንግስተን ይሠራል።

«ታዲያ ይሄ ሰው የሚቆጠረው በሚያድርበት ነው ወይስ በሚውልበት?» አልኩ።

«በሚያድርበትማ አይሆንም!» አለች እቴቴ በአማርኛ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ምን አለች?»

«ጥያቄው ደስ ብሏታል።»

«ገጠሬው ለምንድን ነው ወደ ከተማ የሚጎርፈው?» ብዬ ቀጠልኩ።

«አክስት ስላለችው።»

«መጽሐፉ ግን ሥራ ፍለጋ ነው ይላል።»

«ሥራ ለመፈለግ ማደሪያ ያስፈልጋል። ማደሪያ ያለው አክስት ጋ ነው።»

ጻፍኩት። ይህችን ለእቴቴ ስተረጉምላት ሚስተር ዌንደልን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አየችው። ልክ በዚህ ሰዓት ነው ከጋራዡ በኩል ቤት የሚነቀንቅ ማስነጠስ የተሰማው። ማስነጠሱስ ባልከፋ… ወንድም ደሳለኝ ሲያስነጥስ ማመስገን ልማዱ ነው። «ተመስገን ጌታ ሆይ!» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

ሚስተር ዌንደል ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ማሞቂያው ነው» አልኩት። «አርጅቷል።»

«በየትኛው ቋንቋ ነው የሚናገረው?»

«በአማርኛ።»

ራሱን ነቀነቀ። ባርኔጣውን አንስቶ ጣቱ ላይ አዞረው፤ የሆነ ነገር እንደጎረበጠው ያስታውቃል። ከዚያ «ልሂድ መሰለኝ» ብሎ ተነሳ።

ተነሳ! ልብ በሉልኝ፣ አልፈን ነበር። ሰውየው ቆሟል፣ በሩ አምስት እርምጃ ነው፣ ጫማውም ተረስቷል። የቀረን «ባይ» ማለት ብቻ ነበር።

«የት ነው የሚሄደው?» አለች እቴቴ።

«ወደ ቤቱ ነዋ፣ እቴቴ!»

«እህል ሳይቀምስ?»

«ይሂድ። በእናትሽ ይሂድ።»

«ከእኔ ቤት ጦሙን የወጣ ሰው የለም!» ብላ ሰውየውን በትከሻው ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ በዓይኔ ቆነጠጥኳት፣ በእግሬ ነካኋት፣ ሳልኩባት። ማን ሊሰማኝ! ትሪው መጣ። ቀይ ወጡ፣ ጎመን በሥጋው፣ አይቡ ተደረደረ። ሚስተር ዌንደል እጁን ታጠበ። እቴቴ እንጀራውን ዘረጋች፣ ወጡን ጨለፈች፣ ቀና አለች… ከዚያ ያ ከልጅነቷ ጀምሮ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ከአፏ የሚወጣው ነገር፣ እሷን ሳያማክር፣ ሙሉ ሰፈር በሚሰበስብ ድምፅ ወጣ፦

«ኑ እንብላ!»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ወዲያው በእጇ አፏን ያዘች። ግን ረፍዷል። «እስክጠራችሁ እንዳትወጡ» ብላለች፤ ጠራች። የእቴቴ እንግዶች ሌላ ምንም ይሁኑ፣ ትእዛዝ አክባሪዎች ናቸው።

መጀመሪያ የጋራዡ በር ተከፈተና ወንድም ደሳለኝ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ገባ። ከምድር ቤት ሰለሞን ወጣ፤ ከኋላው ማህሌት። ከፎቅ ጋሽ በቀለ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ኮታቸው ላይ የኤልሲ ሮዝ ቢራቢሮ ተለጥፏል። ሽማግሌ እንግዳ ሲያዩ ደግሞ ዝም ብለው ሊቀመጡ ነው? በዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰለፉና ሚስተር ዌንደልን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ወንድም ደሳለኝ ሦስቴ ሳመው። ኤልሲ ከኩሽና ወጥታ «ኦኬ፣ ናው ኢትስ ኤቭሪባዲ» አለች።

ሚስተር ዌንደል የተጨበጠ እጁ አየር ላይ ቀርቶ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። እቴቴ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እንግዶች ናቸው በዪው» አለችኝ።

«እንግዶች ናቸው» አልኩት።

«መቼ ነው የመጡት?»

ወደ እቴቴ ዞርኩ። እቴቴ ኮርኒሱን ትመረምራለች። ወንድም ደሳለኝ ዓይኑን ጨፍኗል። ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእንግሊዝኛ «ትራፊክ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ሰለሞን የሚስቱን እጅ ጠረጴዛው ሥር ያዘ። ለስንተኛ ጊዜ ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ ሊወጡ እንደሆነ እያሰበ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። እቴቴ ሌላ የምታደርገው ስታጣ ጉርሻ ጠቀለለችና ለሚስተር ዌንደል አጎረሰችው። ጎረሰ። አላመጠ። ሁለተኛውን ጠቀለለች፤ ጎረሰ። ሰባት ሰው የአንድ ሰው መንጋጋ ሲያይ አስቡት!

ውጦ ጨረሰና አፉን ጠረገ።

«አራት ብዬ ነበር» አለ።

«አዎ» አልኩ።

«ከአራት ካለፈ ውሉን አላድስም ብዬ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ኪንግስተን ላወራ አይደለም» አለና ባርኔጣውን ደግሞ ማዞር ጀመረ። «አክስቴ ሚስ ፐርል ማክሰኞ ከኪንግስተን ትገባለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሚስቴና ሚስ ፐርል ግን አንድ ጣሪያ ሥር…» እጁን እንደሚናጥ ጀልባ አወዛወዘ። «እዚህ ላሳርፋት አስቤ ነበር። አራት ሰው በሥርዓት የሚኖርበት ቤት አክስቴን ይዤባችሁ ልምጣ ማለት አሳፍሮኝ ልሄድ ስል ነው አስቴር ያስቀመጠችኝ። አሁን ሳያችሁ ግን… ውሉን አድሳለሁ። እሷ የምትቀመጠው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው።»

ተርጉሜ አልጨረስኩም። «አንድ ሰው ምን ቦታ ይይዛል!» አለች እቴቴ፤ ቀለሟ ተመለሰ፣ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፣ ሦስተኛውን ጉርሻ እንደ ኳስ የሚያህል አድርጋ አጎረሰችው። ወንድም ደሳለኝ «ሃሌሉያ!» ብሎ ጮኸ። ሚስተር ዌንደል «ማሞቂያው» አለ፣ ሳይስቅ።

ደስታው ሲበርድ ማህሌት «የት ነው የሚተኙት ግን?» ብላ ጠየቀች። አሮጊት ጋራዥ አይተኙም። ምድር ቤት ደረጃ አለው። እንደ ተስማማ ጉባኤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው እኔን አዩኝ። ጠሪዋ እኔ ነኛ።

ሚስ ፐርል ማክሰኞ ገባች። ሁለቱ ሳምንት ካለቀ ቆይቷል። ከእቴቴ ጋር አንድም የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ የሚስተር ዌንደልን ሚስት ሲያሟት ይውላሉ። እኔ የሳሎኑን ሶፋ ከኤልሲ የቤት ሥራና ከጋሽ በቀለ ባርኔጣ ጋር ተካፍያለሁ።

ባለፈው ሳምንት የማቀርብበት ቀን ደረሰ። ክፍሉ ፊት ቆምኩና የስኳር ዕቃውን፣ ትሪውን፣ ፖርትሞርን አስረዳሁ። ስጨርስ «በመጨረሻም» አልኩ፣ «ስለ ኪንግስተን ያየኋቸው ሰንጠረዦች በሙሉ ቢያንስ በአንድ ሰው ተሳስተዋል።»

መምህሬ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ይሄ ከባድ አባባል ነው። ምንጭሽ የት አለ?»

«አልጋዬ ላይ ተኝታለች» አልኳት።